የሠላሳ ቀን ነጻ ሙከራ

ትሪየስቴ ከተማ፣ ከወደቡ አፋፍ ላይ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ ባርኔጣ በሚቀማበት አደባባይ፣
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ፌሩቾ መጽሔት ሸጠ፤
ነፋስ እንዳይገልጥበት በባሕር ድንጋይ እየረገጠ።

የመርከብ ሞተሩን ለጡረተኛው መሐንዲስ፣
የሹራቡን ለነርሷ፣ የቼዙን ለቄስ፣
ስማቸውን ጥግ ላይ በእርሳስ ጽፎ
ያቆይ ነበር አጣጥፎ።

ያልተሸጠ ሲተርፍ፣ ወሩ ሲገባደድ፣
ደንቡ እንዲህ ነበር፦ ሽፋኑን መቅደድ፣
ቅዱን ላከፋፋይ ለማስረጃ መስደድ።
ፊት የሌለው መጽሔት፣ ስሙን ያጣ ገላ፣
ቤቱ ይከመራል ካልጋው በስተኋላ።

ከሁሉ የባሰች ኦንዲና ነበረች፤
አንድ ሊሬ ሳትከፍል ሁሉን ያነበበች።
ቅርጫቷን አስቀምጣ፣ ጣቷን በምላስ ነክታ፣
ቆማ ትገልጣለች፣ ምሳ ሰዓት ረስታ።
«ግዢው እንጂ!» ሲላት፣ «ቆይ፣ ልየው» እያለች፣
በዚያችው «ልየው» ላይ ሠላሳ ዓመት ቆየች።
ይቆጣታል በአፉ፤ ሲዘንብ ግን፣ ዝም ብሎ፣
ሸራውን ይስባል ወደ እሷ አዘንብሎ።

ኪዮስኩ ተዘጋ።
ሰው መዳፉን ሲያነብ ማን ወረቀት ብሎ ይጠጋ?
አሁን የቱሪስት ማግኔት ይሸጥበታል፤ ሦስቱ ባምስት ዩሮ ዋጋ።

ኔሪና፣ የእህቱ ልጅ፣ በልደቱ ቀን
ታብሌት ጭኑ ላይ አኖረችለት፤ «እንካ ኪዮስክህን!
ሁለት ሺህ መጽሔት አለው፣ ነፋስ የማይነካው፤
ሠላሳ ቀን ነጻ ነው፤ ከዚያ በወር አሥራ ሁለት ዩሮ ነው ዋጋው።»

«ሠላሳ ቀን ነጻ?» አለና ሳቀ፣ እስኪያነባ።
«እኔ ሠላሳ ዓመት ሰጥቻለሁ፤
ማንም ሳይመዘገብ፣ ማንም ካርድ ሳያስገባ።»

አነበበ። ማለቴ፣ ጀመረ። የንብ እርባታ ከፈተ፣
ከንብ ወደ ሰዓት ጥገና፣ ከሰዓት ወደ ጀልባ ተንሸራተተ፤
አንዱንም አልጨረሰ።
ሁሉ በእጁ ያለ ሰው የቱን ይዞ ይቀመጥ?
ገጹ ጥግ የለው ለእርሳስ፤ ቀለሙ ጣት አያጠቁር፣ አይሸት፣ አይላላጥ።

ንብ አንዴ ስለ ነካ፣ ጠዋት ሲነቃ ሁሉ ንብ፤
«ለእርስዎ የተመረጠ» እያለ ቀፎ ሲደራርብ።
እሱ ግን ያውቅ ነበር፣ ማንንም ሳይመዘግብ፣
ቄሱ በቼዙ ከልሎ የሹራቡን እንደሚያነብ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን «ሰርዝ» የሚለውን ፈለገ፤
ቁልፉ እንደ ባለዕዳ ከሦስት ገጽ ጀርባ ግራጫ ለብሶ አፈገፈገ።
ሲደርስበት ጠየቀው፦

«ለምን ይለዩናል?
ዋጋው ከብዶኝ።
ጊዜ አጥቼ።
የምፈልገው የለም።
ሌላ።»

«ሌላ» ላይ ጣቱን አንዣበበ፤ ሳይጫነው ቆመ።
እሱ በዘመኑ፣ ደንበኛ ሲቀር፣
«ለምን ቀረ?» አይልም፤
መልሱ ሞት እንዳይሆን ይፈራ ነበር።

ኦንዲና ትዝ ያለችው ይኼኔ ነው።
ኮረብታው ላይ፣ የአረጋውያን ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ፣
ዐይኗን ሞራ ጋርዶት፣ ደቃቁ ፊደል ሸሽቷታል ሩቅ።

ታብሌቱን ኮቱ ውስጥ አቅፎ ባውቶቡስ ወጣ፤
አጠገቧ ተቀመጠና የጀልባውን መጽሔት አወጣ።
በሁለት ጣት ገፋው፤ ፊደሉ አበጠ፣ አበጠ፣
እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ከጠርዙ አመለጠ።

«ትገዢዋለሽ?» አላት።

ጣቷን በምላሷ ነካች፤ መስታወቱን እንደ ወረቀት ገፋች።
«ቆይ» አለች፣
«ልየው።»

ማታ መሣሪያው ጻፈለት፦ «ነገ ነጻው ጊዜ ያልቃል።»
ከፈለ።
መስታወቱ ጥግ ላይ፣ ድሮ ስም በሚጽፍበት በኩል፣
የጣቷ ምራቅ ደርቋል።

አልጠረገውም።